የቶዮታ 86 እና የሱባሩ ቢአርዜድ እግር (ሰስፔንሽን) ማሻሻል፦ ምን ቀድሞ ይገዛል፣ ምን ይቆያል?

"መኪናዬ ኩርባ ላይ አልታዘዝ አለኝ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ነው። መኪናው ያምርበታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ኩርባ ላይ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ይብሳል። ከዚያ ባራ (ግራና ቀኝ እግሩን አያይዞ ማጋደልን የሚቀንሰው ዘንግ) ይጨመራል፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል ሞላና ሾክ በአንድ ላይ) ይገባል፣ አፍንጫው አሁንም ወደ ውጭ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ወጥቶ የጎደለው ነገር ገና አልተነካም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። በዚህ መኪና ላይ ከምንም በፊት የጎደለው የፊት ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ነው፣ መፍትሔውም ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው።

መመሪያው ለመጀመሪያው ትውልድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2013 እስከ 2020 ሞዴል የተሸጠው ሱባሩ ቢአርዜድ፣ እስከ 2016 ሳይዮን ኤፍአርኤስ የተባለው፣ ከ2017 ጀምሮ ቶዮታ 86 የሆነው። ከምልክትና ከስም ሌላ አንድ መኪና ናቸው ማለት ይቻላል። ዱባይ ወይም ሪያድ ሆናችሁ 86 የምትነዱም ይሠራላችኋል። ሌላ መኪና ካላችሁና ፊቱ ማክፈርሰን (ሾኩ ራሱ ጎማውን ከላይ የሚይዝበት፣ ከታች አንድ ክንድ ብቻ ያለው እግር) ከሆነ ቅደም ተከተሉን ውሰዱ፣ ቁጥሮቹን ግን አትውሰዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ ሜትር፣ ጥሩ የአየር መለኪያ፣ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)፣ ክሪክ እና ሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያ፣ የማይለቅ ነጭ ቀለም ብዕር፣ አንድ ደብተር። ደብተሩን አትዝለሉት።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መኪናው ጤነኛ ይሁን

ያረጀ እግር ላይ አዲስ ዕቃ አትጨምሩ።

1. መኪናውን አንሱና መቆሚያ ላይ አስቀምጡ። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከሥር አትግቡ።
2. ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ቋ ካለ ኩሽኔታ ወይም የታችኛው መገጣጠሚያ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። እዚህ ላይ ከላላ ቴስቲና ተጠርጣሪ ነው።
3. ሾኮቹን በባትሪ እዩ። ደረቅ አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ችግር የለውም። ዘይት ወደ ታች ከወረደ ግን ሾኩ ሞቷል።
4. የታችኛው ክንድ ቦኮላዎች ተሰንጥቀው እንደሆነ እዩ።
5. እጃችሁን ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አሻሹ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከቧጠጣችሁ ቶው (ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ማዕዘን) ተበላሽቷል። የውጭው ትከሻ አልቆ የውስጡ ገና አዲስ ከመሰለ ካምበር አንሷል።
6. መኪናውን አውርዱና ትንሽ ነድታችሁ እግሩ ቦታውን ከያዘ በኋላ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ድረስ በአራቱም ማዕዘን ለኩ። ከመሬት አትለኩ፣ የጎማ አየር ያሳስታችኋል። ቁጥሮቹን ጻፉ፣ ነዳጁ ስንት እንደነበረም ጻፉ።
7. አላይመንት ቤት ሂዱና አሁን ያለውን ልኬት በወረቀት ተቀበሉ። አስተካክሉ አትበሏቸው፣ ለኩልኝ ብቻ በሉ።

አንዳንድ ቤት "ሳናስተካክል ወረቀት አንሰጥም" ይላል። ሌላ ቤት ፈልጉ። ያ ወረቀት ከሌለ ቀጥሎ የምትገዙት ሁሉ ግምት ነው።

ደረጃ 2፦ ችግሩን በአንድ መስመር ጻፉት

"መኪናው አይያዝም" ችግር አይባልም። ኩርባ ሦስት ቦታ አለው፦ መግቢያ፣ መሃል፣ መውጫ። የቱ ጋ ነው የሚያስቸግራችሁ? የሚንሸራተተው ፊቱ ነው ወይስ ኋላው? ቀስ ባለ ኩርባ ነው ወይስ በፈጣን?

ይህንን መንገድ ላይ አትሞክሩ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የኤስሲሲኤ (የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ) አውቶክሮስ፣ ማለትም በኮኖች መሃል የሚነዳ ውድድር፣ ወይም ሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ የሚደረጉ የማስተማሪያ ቀናት አሉላችሁ። ኮን ብትገጩ ኮን ነው።

መግቢያ ላይ ብቻ ፊቱ ከሸሸ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ በዝቶ ነው፣ ወይም ፍሬኑ በአንዴ ተለቆ የፊቱ ክብደት ወደ ኋላ ስለሄደ ነው። እስከ መታጠፊያው ድረስ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ከዳነ አንድ ሺህ ዶላር አተረፋችሁ።

መሃል ላይ፣ ነዳጅ በእኩል ተይዞ፣ ፊቱ ወደ ውጭ ከሄደ ግን እውነተኛ የእግር ችግር ነው። የዚህ መኪና ዋና በሽታም እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍአርኤስና ቢአርዜድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠባያቸው ይለያይ ነበር። የሳይዮኑ የፊት ሞላ ለስለስ፣ የኋላው ጠንከር ያለ ስለነበር ጅራቱ ቶሎ ይወጣል። ሱባሩው ደግሞ በተቃራኒው ፊቱን ጠንከር አድርጎ ረጋ ይል ነበር። ስለዚህ የጓደኛችሁን የዕቃ ዝርዝር ገልብጣችሁ አትግዙ። መኪናው ያው ቢመስልም መነሻው ሌላ ነው።

ደረጃ 3፦ ጎማ

አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡት 215/45አር17 ሚሽላን ፕራይመሲ ኤችፒ ለብሰው ነው። ለነዳጅ ቁጠባና ለጸጥታ የታሰበ ጎማ ነው፣ ሰውም የፕሪየስ ጎማ እያለ ይቀልድበታል። ያንን ወይም የረከሰ ጎማ እየነዳችሁ ሾክ አትምረጡ።

1. የፋብሪካው ቸርኬ 7 ኢንች ስፋት አለው። 225/45አር17 ያለ ችግር ይቀበላል። 245 ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሰፊ ቸርኬ ያስፈልጋችኋል።
2. ቸርኬ ስትገዙ 5 በ100 መሆኑን፣ የመሃል ቀዳዳው 56.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ወይም ማጥበቢያ ቀለበት እንዳለው አረጋግጡ። 5 በ114 አይገባም። "ይገባል" የሚል ሻጭ ካለ ስልኩን ዝጉት።
3. ለሁሉም ቀን የሚሆን የበጋ ስፖርት ጎማ ምረጡ። 200 ትሬድዌር (ጎማው ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ የሚያሳይ ቁጥር) የተጻፈበት ለትራክና ለአውቶክሮስ ነው፣ ዝናብ ላይ ብዙዎቹ አስተማማኝ አይደሉም።
4. ብርዱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ይደርቃል፣ አይዝም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ለክረምት ሌላ ጎማ ያዙ።

ጎማውን ከለወጣችሁ በኋላ ሌላ ምንም አትንኩ። ጥቂት ሳምንት ንዱትና ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን መስመር እንደገና ጻፉ። ጥሩ ጎማ የበለጠ ስለሚይዝ መኪናው የበለጠ ያጋድላል፣ የካምበር እጥረቱም የባሰ ይታያል። አትደንግጡ፣ የሚጠበቅ ነው።

ደረጃ 4፦ የፊት ካምበር

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ይህን አድርጉ።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ፊቱ ማክፈርሰን ነው። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል የውጪው የፊት ጎማ አብሮ ወደ ውጭ ይጋደማል። ከፋብሪካ የፊት ካምበሩ ዜሮ አካባቢ ስለሆነ ጎማው ኩርባ ላይ በውጭ ትከሻው ብቻ ይቆማል። ኋላው ግን ደብል ዊሽቦን (ከላይና ከታች ክንድ ያለው) ነው፤ ሲጨመቅ ጎማው ራሱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ኋላው ሙሉ በሙሉ ይዞ ፊቱ በትከሻው ሲሄድ ማን ቀድሞ ይለቃል? ፊቱ።

ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ብቻ ስትገጥሙ ይህ ልዩነት ይሰፋል። ኋላው ተጨማሪ ካምበር ያገኛል፣ ፊቱ እምብዛም አያገኝም። ዝቅ ካለ በኋላ የባሰበት መኪና ምስጢሩ ይኸው ነው።

ሁለት መንገድ አለ።

*የካምበር ብሎን።* ሾኩን ከጎማው መያዣ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን ቀጠን ባለ ብሎን ትቀይራላችሁ። ዋጋው ጥቂት አሥር ዶላር ነው። በግምት 1 ዲግሪ ወይም ትንሽ በላይ ይሰጣል። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

*የካምበር ፕሌት።* ሾኩ ከላይ የሚታሰርበትን ላስቲክ ያለው መያዣ በብረት ትቀይራላችሁ። ብዙ ካምበር ይሰጣል፣ ለትራክ ጥሩ ነው። ግን መንገዱ ሁሉ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። በየቀኑ ሥራ የምትሄዱበት መኪና ከሆነ አልመክርም።

ብሎኑን ለመግጠም፦

1. ጎማውን አውልቁ። የድሮውን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ።
2. አዲሱ ብሎን ከላይኛው ቀዳዳ ነው ከታችኛው የሚገባው የሚለውን ከአምራቹ ወረቀት አንብቡ። ከዩቲዩብ አትውሰዱ።
3. ሁለቱንም ዳዶ ላላ አድርጉ፣ አንዱን ብሎን ቀይሩ።
4. የዲስኩን የላይኛውን ጫፍ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ያዙና እያጠበቃችሁ ሂዱ። ሁለት ሰው ብትሆኑ ይቀላል።
5. በቶርክ ቁልፍ ጨርሱ። ቀጭኑ ብሎን የራሱ ቁጥር አለው። በፋብሪካው ብሎን ቁጥር ካጠበቃችሁት ሊበጠስ ይችላል።
6. ዳዶው ላይና ሾኩ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ስሩ።
7. ጎማውን መልሱና ከጎማው እስከ ሾኩ አካል ያለውን ክፍተት እዩ። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ስለገባ ጠብቧል። ትንሿ ጣታችሁ ካላለፈች ካምበሩን ቀንሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን የቀለም መስመር እዩት። ከተሰበረ ብሎኑ ተንሸራቷል ማለት ነው። እንደገና አላይመንት ሳታሠሩ አትንዱ፣ ካምበር ሲለወጥ ቶውም አብሮ ይለወጣል።

ደረጃ 5፦ ሞላና ሾክ

እዚህ ስትደርሱ መኪናው አስደስቷችሁ ከሆነ አቁሙ። ምንም ነውር የለበትም። ካልሆነ ቀጥሉ።

*ከፍታ።* ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር በላይ አታውርዱ። ማክፈርሰን ላይ የታችኛው ክንድ ከጎማው በኩል ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ መኪናው የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ይበልጥ በፍጥነት ይወርዳል። ውጤቱ፣ ዝቅ ያለው መኪና በዚያው ሞላ የበለጠ ማጋደል ይፈልጋል። መሬት የነካ መኪና ፎቶ ላይ ሙድ አለው፣ ኮን መሃል ግን ያሳፍራል።

*ጥንካሬ።* ሻጮች በኪሎ ግራም በሚሊ ሜትር ወይም በፓውንድ በኢንች ይጽፋሉ። 1 ኪሎ በሚሊ ሜትር 56 ፓውንድ በኢንች ነው። የፋብሪካው የፊት ሞላ ከ3 ኪሎ በታች ነው። መኪናው 1,250 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ለመንገድና አልፎ አልፎ ለትራክ ከ4 እስከ 6 ይበቃዋል። ከ8 በላይ የሚገባው ለስላሳ ትራክ ላይ ነው። ጉድጓድ ባለበት መንገድ ጎማው መሬት ይለቃል፣ የለቀቀ ጎማ ደግሞ አያዞርም።

*ሾክ።* ሞላ ከጠነከረ ሾኩም አብሮ መጠንከር አለበት። በአሮጌ የፋብሪካ ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ አድርጋችሁ ስትሄዱ መኪናው ከእብጠት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል። ሞላ ብቻ ከፈለጋችሁ ትንሽ ጠንከር ያለና ትንሽ ብቻ ዝቅ የሚያደርግ ምረጡ።

*ኮይልኦቨር።* አንድ ሺህ ዶላር አካባቢ የሚሸጡት ብዙዎቹ "32 ክሊክ" ብለው ይጀምራሉ፤ ክሊክ የሾኩ ጥንካሬ የሚስተካከልበት እያንዳንዱ ደረጃ ነው። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የሾኩ የዳይኖ ግራፍ አለ? እያንዳንዱ ክሊክ ኃይሉን ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ከሌለ ክሊኩ ጌጥ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዋጋ ጥሩ የማይስተካከል ሾክና ልክ የሆነ ሞላ ይሻላል። አሮጌ ከሆነ የምትገዙት ዘይት ማፍሰሱን፣ ጥርሱ በጨው መበላቱን፣ አምራቹ የሚጠግነው መሆኑን አጣሩ።

*መነካኪያ ጎማ።* ሾኩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሽ ስፖንጅ ነገር ነው። መኪናው ሲወርድ ቀሪው ጉዞ ያጥራል። ኩርባ መሃል ሾኩ እዚያ ጎማ ላይ ካረፈ ጥንካሬው በአንዴ ይዘላል፣ ያ ወገን ድንገት ይለቃል። "ዝም ብሎ ተነቀለ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። መነካኪያውን ጎማ ቆርጣችሁ አትጣሉት፣ የተሰጠው ለሥራ ነው።

ሾኩ እዚያ ጎማ ላይ ማረፉን ለማወቅ የሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፣ ጠበቅ ግን እንዲንሸራተት አድርጉ። ወደ ታች ግፉትና ንዱ። ስትመለሱ ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ሾኩ የደረሰበት የመጨረሻ ነጥብ ነው። ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ከተጨመቀ መኪናውን ከፍ አድርጉ ወይም ሞላውን አጠንክሩ።

ደረጃ 6፦ ባራ

ባራ የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። ፊቱን ስታጠነክሩ ፊቱ ቀድሞ ወደ መልቀቅ ያዘነብላል። ኋላውን ስታጠነክሩ ኋላው። መጽሐፉ እንዲህ ይላል። ማክፈርሰን ላይ ግን ካምበር ያነሰው መኪና ፊቱ ሲጠነክር አንዳንዴ የተሻለ ይይዛል፣ ምክንያቱም ማጋደሉ ሲቀንስ ጎማው ያን ያህል አይጋደምም። አውቶክሮስ ላይ ወፍራም የፊት ባራ የምታዩት ለዚህ ነው።

ሁለቱንም በአንድ ቀን አትቀይሩ። የሚስተካከል አንድ ግዙ፣ ከለስላሳው ቀዳዳ ጀምሩ። ማያያዣ ዘንጎቹን መኪናው በራሱ ክብደት መሬት ላይ ቆሞ አስተካክሉ፣ አለበለዚያ ባራው ቆሞም ተጠምዞ ይቀመጣል።

የምትወዳደሩ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። በኤስሲሲኤ የስትሪት ክፍል ሾክና አንድ ባራ መቀየር ይቻላል፣ ሞላ መቀየር ግን አይቻልም። ሞላ ከነካችሁ ክፍላችሁ ይለወጣል።

ደረጃ 7፦ ሲገጠም የሚበላሹ ነገሮች

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

* ብሎኖቹ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ቀድማችሁ ሁለት ሦስት ምሽት ርጩ። ጨው ያለበት አገር ያለ መኪና ካልለመናችሁት አይለቅም።
* የሞላ መጭመቂያ ከሌላችሁ ሾክና ሞላውን አትፍቱ። የላይኛውን ዳዶ ሳይጨመቅ መፍታት ሰው ይገድላል። ለጋራዥ ስጡት፣ ብዙም አያስከፍልም።
* የሾኩን ዘንግ ዳዶ በኢምፓክት (እየመታ በሚያዞር ማሽን) አታጥብቁ። ዘንጉ ይሽከረከርና ማኅተሙ ይበላሻል።
* የኤቢኤስ ሽቦውንና የፍሬን ቱቦውን ማሰሪያ ከሾኩ ላይ ቀድማችሁ ፍቱ። ፍሬኑን በቱቦው አታንጠልጥሉ፣ በሽቦ እሰሩት።
* የቦኮላ ብሎኖችን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያዙ። የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው በጎማው ሲቆም አድርጉ። በአየር ላይ ከተጠበቀ የቦኮላው ላስቲክ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።
* የቸርኬ ዳዶ 120 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም 89 ፓውንድ ፉት። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገሙ።
* ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን አለባችሁ። የፋብሪካውን ዕቃ አትሽጡት።

ደረጃ 8፦ አላይመንት

ዕቃው ከተቀመጠ በኋላ፣ ጥቂት ቀን ተነድቶ፣ በግማሽ ነዳጅ ሂዱ። የእናንተን ያህል ክብደት ሾፌሩ ወንበር ላይ እንዲያደርጉ ጠይቁ። ለመንገድና ለአልፎ አልፎ ትራክ ከዚህ ጀምሩ፦

* ፊት ካምበር፦ ከ1.5 እስከ 2.2 ዲግሪ ኔጌቲቭ (ከላይ ወደ ውስጥ)፣ ግራና ቀኝ እኩል
* ፊት ቶው፦ ዜሮ
* ኋላ ካምበር፦ ከ1.5 እስከ 2 ኔጌቲቭ
* ኋላ ቶው፦ በድምሩ ከ0.1 እስከ 0.2 ዲግሪ ወደ ውስጥ

የኋላ ካምበር ከፋብሪካ አይስተካከልም፣ ቶው ብቻ ነው የሚስተካከለው። ዝቅ አድርጋችሁ ኋላው ከ2 በላይ ከሄደና ፊቱ ካልደረሰበት የሚስተካከል የኋላ የታች ክንድ ያስፈልጋችኋል። ኋላው ቶው ወደ ውጭ ሆኖ አትቀበሉ፣ ፍሬን ስትይዙ ያዞራችኋል። "በአረንጓዴው ውስጥ ነው" ብለው ከሰጧችሁም አትቀበሉ፣ አረንጓዴው (ወረቀቱ ላይ የተፈቀደውን ክልል የሚያሳየው ቀለም) ሰፊ ነው። ጎማ በዋናነት የሚበላውም ቶው ነው እንጂ ሰው እንደሚፈራው ካምበር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

*ፊቱ አሁንም ይሸሻል።* ሾኩ ዘንግ ላይ ያሰራችሁትን የፕላስቲክ ማሰሪያ እዩ። ሾኩ ካላረፈ የጎማ አየር ለኩ፣ ከዚያ የፊት ካምበር ጨምሩ። ባራ በኋላ።

*ፍሬን ስይዝ ኋላው ይወጣል።* የኋላ ቶው መጀመሪያ። ከዚያ የኋላ ባራውን ለስለስ አድርጉ።

*ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሪው ይንከራተታል።* የፊት ቶው ወደ ውጭ ሆኗል ወይም ጎማዎቹ ያረጁ ናቸው።

*መሪው ተጣሞ ይቆማል፣ የመንሸራተቻ መቆጣጠሪያው መብራት በርቷል።* የመሪ ማዕዘን መለኪያው እንደገና ዜሮ ይደረግ። አላይመንት ቤቱ መሥራት አለበት።

*ቋ ቋ ይላል።* የባራ ማያያዣ ዘንግ፣ ቀጥሎ የሾኩ የላይ ዳዶ።

*በጣም ይነጥራል።* ክሊኩን ከሙሉ ጠንካራ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፣ ያላችሁበትን ጻፉ፣ በሁለት ሁለት እየጨመራችሁ ሞክሩ። አራቱንም በአንድ ጊዜ አታዙሩ። ፊት ብቻ፣ ከዚያ ኋላ ብቻ።

*ሌሊት የምታዩት ርቀት አጥሯል።* መኪናው ስለወረደ መብራቱ ወደ መሬት ነው። ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁማችሁ አስተካክሉት።